ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ስንዴ ነቀዘብኝ፤ የት ላይ ነው የተሳሳትኩት?

ባለበርሜሏ | ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን የምጽፈው ትናንት ካየሁት ነገር በኋላ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው።

ቤታችን ውስጥ አራት ነን። ባለፈው ዓመት ባለቤቴ ለሁለት ወር ሥራ ተቋረጠበትና በጣም ተቸገርን። ያኔ ለራሴ ቃል ገባሁ። ከእንግዲህ የሦስት ወር ቀለብ ጓዳዬ ውስጥ ሳይኖር አላድርም አልኩ። ሥራ እንደጀመረ በአንድ ቀን 50 ኪሎ ስንዴ፣ 25 ኪሎ ሩዝ፣ ምስር፣ ቦሎቄና ዘይት ገዛሁ። ስንዴውን ትልቅ የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ገለበጥኩት፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ጥግ ላይ አስቀመጥኩት። ስምንት ወር ሙሉ አልነካሁትም። «ለክፉ ቀን ነው» እያልኩ።

ትናንት ከፈትኩት። መጀመሪያ የመታኝ ሽታው ነው። እርጥብ አቧራ አቧራ ይላል። እጄን ስከት ስንዴው ይሞቃል። ፀሐይ ያላየ እህል እንዴት ይሞቃል? አንድ እፍኝ አውጥቼ ነጭ ትሪ ላይ ዘረገፍኩት። ፍሬው በመርፌ የተወጋ ይመስላል። ነቀዙ ትሪው ላይ ይተራመሳል። ወደ ታች ስወርድ ደግሞ እህሉ እርስ በርስ ተያይዞ ጓል ሆኗል፣ አረንጓዴ ሻጋታም ይዟል።

ክዳን እያለው ነቀዙ ከየት ገባ? የላይኛውን አበጥሬ ልጠቀምበት? ጎረቤቴ ለሚቀጥለው የነቀዝ ክኒን ጨምሪበት ብላኛለች፤ ልጆች ስላሉኝ ፈራሁ። ለመሆኑስ ለአራት ሰው ስንት ነው የሚያዘው?

የመጋዘን ሰው | ማክሰኞ ማታ

አይዞሽ እህቴ። ዕድሜዬን በእህል መጋዘን ነው ያሳለፍኩት፤ ይሄን ያላየ ሰው የለም።

ነቀዙ ከስንዴው ጋር አብሮ ነው የመጣው። ሴቷ ነቀዝ ፍሬዋን ትበሳና እንቁላል ትጥልበታለች፣ ከዚያ ቀዳዳውን በራሷ ፈሳሽ ትደፍነዋለች። ስለዚህ ስትገዢው ፍሬው ንጹሕ ነው፤ በዓይን ምንም አይታይም። በሞቃት ክፍል ውስጥ እንቁላሉ ትልቅ ነቀዝ ለመሆን ከአንድ ወር ብዙም አይፈጅበትም። አንዷ ብቻ በሕይወት ዘመኗ 300 እና ከዚያም በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ስምንት ወር ሲሆን ደግሞ አስቢው፣ የልጅ ልጅ ልጅ ደርሷል።

ሙቀቱም ከዚያው ነው። ነቀዙ ይተነፍሳል። ሲተነፍስ ሙቀትና እርጥበት ያወጣል። ሞቃቱ እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ጤዛ ይሆናል። በርሜሉ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ነበር አይደል? ግድግዳም ተጠግቶ? እህል ከመሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ማለት አለበት፤ ከግድግዳም ክፍተት ይፈልጋል። እንጨት ርብራብ በቂ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ነቀዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ አበጥሪው፣ እጠቢው፣ ብሉት እልሽ ነበር። ነቀዝ ያስጠላል እንጂ መርዝ አይደለም። ሻጋታው ግን ሌላ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የተርኪ ዶሮዎች ባልታወቀ በሽታ አለቁ። ሲመረመር ሻጋታ የያዘ የለውዝ መኖ ነበር የበሉት። አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ የታወቀው በዚያ ነው። ጉበት ይጎዳል፣ ከጊዜ በኋላም የጉበት ካንሰር ያመጣል። መቀቀልም ሆነ መጋገር አያጠፋውም። ሻጋታው ያልታየበት ፍሬ ላይም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ አንድ በርሜል ውስጥ አብሮ የቆየውን ሁሉ ጣይው። ለዶሮም ለከብትም አትስጪው። እንደሚያም አውቃለሁ።

ነርሷ | ማክሰኞ፣ ዘግይቶ

ስለ ክኒኑ እኔ ልመልስ። በፍጹም!

እህል ላይ የሚደረገው ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባል ነው። በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል። ነቀዙን የሚገድለው ክኒኑ ራሱ ሳይሆን ጋዙ ነው፤ ሰውንም የሚገድለው እሱው ነው። በክዳን ስንጥቅ ይወጣል፣ በበር ሥር ያልፋል። አንዳንዴ እንደ ነጭ ሽንኩርት ወይም እንደ ተበላሸ ዓሣ ይሸታል፤ ሽታው ሳይሰማም ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል በአፍንጫ አትተማመኑ። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሐኪም ማድረግ የሚችለው ሰውነት እስኪቋቋመው ማገዝ ብቻ ነው።

ተረኛ በነበርኩበት ሌሊት እህል የተቀመጠበት ክፍል ውስጥ የተኙ ልጆች መጥተው አይቻለሁ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ክኒኑ የሠለጠነ ሰው ሰው በማያድርበትና ታሽጎ በሚጠበቅ መጋዘን የሚጠቀምበት ነገር ነው። ሰው የሚተኛበት ቤት ቦታው አይደለም።

ቤት ውስጥ ያለው ሰው ድንገት ካቅለሸለሸው፣ ካስመለሰው፣ ደረቱን ካፈነው፣ ትንፋሽ ካጠረው ሁሉንም ይዛችሁ ውጡ። ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ክኒን እንደነበረም ተናገሩ። ዕቃ ለማውጣት ተመልሳችሁ አትግቡ።

ዘመን ያየ | ረቡዕ ጠዋት

ነርሷ፣ አክብሬሽ ነው የምጠይቅሽ። እኛ ቤት ለዓመታት ክኒን ተጠቅመናል። ምንም አልሆንንም። ትንሽ አልተጋነነም?

ነርሷ | ረቡዕ ጠዋት

ወንድሜ፣ ምንም ስላልሆናችሁ ደስ ይለኛል፤ ከልቤ ነው። ምናልባት እህሉ ከመኝታ ቤት የራቀ ነበር፣ ወይም ክፍሉ ነፋሻ ነበር። ነገር ግን ስንት ጋዝ እንደሚወጣ በክፍሉ ሙቀትና በአየሩ እርጥበት ይለያያል። ባለፈው ዓመት ያልጎዳ መጠን ዘንድሮ በርና መስኮት በተዘጋበት ሌሊት ሊገድል ይችላል። አሁን የቀረ ክኒን ቤት ካለህ አትክፈተው፣ ውሃም አታስነካው። በአካባቢህ ያለ የግብርና ባለሙያ እንዴት እንደሚወገድ ይንገርህ።

ዘመን ያየ | ረቡዕ ቀን

ገባኝ። አንድ ቆርቆሮ አለ፤ ዛሬውኑ ባለሙያ አናግራለሁ። እናመሰግናለን።

ጠርሙስ በጠርሙስ | ረቡዕ ማታ

ታዲያ ያለ ክኒን ምን ይደረግ ለምትሉ፣ ነቀዝም እንደኛ ኦክስጅን ይፈልጋል። አየር የማያስገባ ዕቃ ውስጥ ጥቅጥቅ ብሎ ከተሞላ ራሱ ነቀዙ ያለውን ኦክስጅን ይጨርስና ይሞታል። ሦስት ንብርብር ያላቸው የእህል ከረጢቶች የሚሠሩት በዚህ ነው። ሁለት ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ለውስጥ፣ ከላይ ጆንያ። መነሻቸው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ካሜሩን ውስጥ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአገሬው ባለሙያዎች ጋር የሠሩት ሥራ ነው።

የባለበርሜሏ በርሜል ችግሩ ክዳኑ አየር ማስገባቱ ነው። ሌላው ደግሞ ትልቅነቱ። አንድ ትልቅ ዕቃ ሲበላሽ ሁሉም ይበላሻል። እኔ ከዓመታት በፊት ወደ ሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ዞሬያለሁ። የመጠጥ ውሃ ወይም ለስላሳ የነበረበት ብቻ፤ ሳሙና ወይም ኬሚካል የነበረበት በጭራሽ አይሆንም። አጥቤ፣ አፉን ወደ ታች ዘቅዝቄ ለቀናት አደርቀዋለሁ። ውስጡ አንዲት ጠብታ ካለች ያ ጠርሙስ አይሞላም። እህሉን ስሞላ ጠርሙሱን መሬት ላይ ቀስ እያልኩ እመታዋለሁ፤ እህሉ ዝቅ ይላል፣ እንደገና እጨምራለሁ፣ እስከ አፉ ድረስ። ከዚያ ክዳኑን አጥብቆ መዝጋት ነው። አይጥ ግን ፕላስቲክ ትቦረቡራለች፤ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበቃታል። ስለዚህ ጠርሙሶቹን ክዳን ያለው የብረት ሣጥን ውስጥ ነው የምደረድራቸው።

ፍሪዘር ያለው ሰው ደግሞ እህሉን በላስቲክ አስሮ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሳምንት ያቆየው። እንቁላሉም ትሉም ይሞታል። ሲያወጣው ግን ወዲያው እንዳይፈታው! እንደታሰረ የክፍሉ ሙቀት ላይ እስኪደርስ ይጠብቅ። ቀዝቃዛ እህል ሞቃት አየር ሲያገኝ ያልበዋል፤ ያ ላብ ደግሞ ሻጋታ ነው።

የመጋዘን ሰው | ረቡዕ ማታ

ጠርሙስ በጠርሙስ፣ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ እርጥብ እህል ከታሸገ ነገሩ ይብሳል። መጀመሪያ ማድረቅ።

መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ሰው የጨው ሙከራ አለ። ደረቅ የመስታወት ማሰሮ ውሰዱ። ሲሶው ድረስ እህል፣ ላዩ ላይ አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው። ክዳኑን ዘግታችሁ አንድ ደቂቃ ያህል አንቀጥቅጡት። ከዚያ ለ15 ደቂቃ ተዉት። ጨው መስታወቱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው ማለት ነው። ጨው ካልተጣበቀ ጥሩ ጅምር ነው። እኔ ከዚያም በኋላ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ እጨምራለሁ፤ ለማሸግ 13 በመቶና ከዚያ በታች ነው የምንፈልገው። ስታሰጡ ስስ አድርጉት፣ ደጋግማችሁ አገላብጡት። ማታ ጤዛ ሳይወርድ አስገቡ፤ ሳይቀዘቅዝም አትክተቱት።

ባለደብተሩ | ሐሙስ ጠዋት

ስንት ይበቃል ለሚለው ጥያቄ ቁጥር ላስቀምጥ። የረድኤት ድርጅቶች ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ ብለው ነው የሚያቅዱት። 400 ግራም እህል ወደ 1,400 ካሎሪ ይሰጣል። 100 ግራም ጥራጥሬ 340 ገደማ። 40 ግራም ዘይት 350 ገደማ። ድምሩ እዚያው ይደርሳል።

ለአራት ሰው ለ30 ቀን ሲባዛ 48 ኪሎ እህል፣ 12 ኪሎ ጥራጥሬ፣ ከ5 ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ዘይት ይሆናል። ጨው በቀን 5 ግራም ለአንድ ሰው ካልን ወርሃዊው 600 ግራም ነው። ሕፃን ልጅ ያነሰ ይበላል፣ ጉልበት ሥራ የሚሠራ ይበልጥ ይበላል፤ ግን መነሻ ይሆናል።

ባለበርሜሏ፣ ያንቺ 75 ኪሎ ስንዴና ሩዝ ቢተርፍ ኖሮ እንኳ አንድ ወር ተኩል ገደማ ነበር የሚያስኬድሽ። ለሦስት ወር 144 ኪሎ ነው። ይሄን የምነግርሽ ላስደነግጥሽ ብዬ አይደለም። ብዙ ሰው ጆንያውን በዓይኑ ለክቶ «ይበቃል» ይላል። ቁጭ ብሎ ማባዛት ያስፈልጋል።

ባለበርሜሏ | ሐሙስ ቀን

ሁላችሁንም አነበብኩ። ስንዴውን ጣልኩት። አለቀስኩም። ሩዙ ደህና ነው፣ በተገዛበት ከረጢት ውስጥ ነበር። ግን 144 ኪሎ ከየት አመጣለሁ? የት አስቀምጣለሁ?

የጓዳ እናት | ሐሙስ ማታ

ልጄ፣ እኔ አራት ልጅ አሳድጌ ዛሬ የልጅ ልጅ ነው የማበላው። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትቀየሚኝ።

አንቺን የጎዳሽ ነቀዙም በርሜሉም ብቻ አይደለም። «ለክፉ ቀን ነው» ብለሽ ስምንት ወር አለመንካትሽ ነው። ቀለብ ቆሞ አይቀመጥም፣ ይዞራል። እኔ ጓዳዬ ውስጥ ለክፉ ቀን የሚባል ለብቻው የተቀመጠ ነገር የለም። ያው በየቀኑ የምንበላው ነው፤ ብቻ ብዛቱ ከሳምንት ይልቅ የወራት ነው። ከፊት ይበላል፣ ከኋላ ይተካል። በየሁለት ሳምንቱ ብትነኪው ኖሮ ነቀዙን ገና አምስትና ስድስት ሆኖ ታገኚው ነበር።

እንዲህ ነው የማደርገው። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ፣ የገባበትን ቀን በደማቅ ብዕር እጽፋለሁ። አዲስ ሲመጣ አሮጌውን ሁሉ ወደ ፊት አወጣና አዲሱን ከኋላ አስገባለሁ። ያደክማል፤ ወገቤን ያመኛል። ግን ይሄን ትቶ ከፊት መደርደር ማለት ከኋላ ያለውን መርሳት ማለት ነው። በወሩ መጀመሪያ ቀን ደግሞ ሁሉንም አየዋለሁ። ከእያንዳንዱ ዕቃ አንድ እፍኝ ነጭ ሳህን ላይ፣ ፀሐይ ባለበት። አሸታለሁ፣ አንድ ፍሬ በጥርሴ እሰብራለሁ። የደረቀ ፍሬ ቀጭ ይላል። እርጥበት ያለው ይለዝባል።

144 ኪሎውን ደግሞ በአንድ ቀን አትግዢው። ለቤት አስቤዛ ስትወጪ ለሳምንቱ ከሚበቃሽ ላይ አንድ ሁለት ኪሎ ጨምሪ። አንድ ወር ዘይት፣ አንድ ወር ምስር። ገንዘብ በሌለበት ወር ተይው። መጀመሪያ የሁለት ሳምንት ይሙላልሽ። ያ ሲሞላ ስሜቱን ታውቂዋለሽ።

ባለበርሜሏ | ሐሙስ ማታ

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ ያሉትን ለባለቤቴም አነበብኩለት።

ነርሷ | ዓርብ ጠዋት

የእማማን ምክር ስከተል ያስተዋልኩት ነገር አለ። ሁሉም ነገር እኩል አይቆይም። ስብ ያለበት ነገር ቶሎ ይበላሻል። ያልተፈተገ ቡናማ ሩዝ የፍሬው ውጫዊ ሽፋን ላይ ዘይት ስላለው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ቢቆይ ነው። ነጭ ሩዝ ግን ደረቅና አየር አልባ በሆነ ዕቃ ውስጥ በቀዝቃዛ ቦታ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ስንዴ በፍሬው ዓመታት የሚቆየው፣ ሲፈጭ በወራት ይመርራል። ስለዚህ ፍሬውን አስቀምጡ፣ ዱቄቱን በየጊዜው አስፈጩ። ዘይት ከብርሃንና ከምድጃ ሙቀት ይራቅ፤ የከፈታችሁትን ቶሎ ጨርሱ። ቅባት ያልወጣለት የዱቄት ወተትም እንደዚያው ነው። ጨው፣ ስኳርና ማር ከደረቁና ከተከደኑ አይበላሹም። ማር ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም።

የሕፃናት የጣሳ ወተት ላይ ያለውን የማብቂያ ቀን በጥብቅ ጠብቁ። ያበጠ ወይም ስፌቱ የሚያንጠባጥብ ቆርቆሮ ካያችሁ ደግሞ አትቅመሱት፤ «ትንሽ ልየው» አይባልም። ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ በሽታ የሚያመጣው መርዝ ጣዕም የለውም።

ስለ ውሃም ማንም አላነሳም። ምግብ ኖሮ ውሃ ከሌለ ምን ይበስላል? ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር አስቡ፤ ለመጠጥና ለማብሰል። ንጽሕናው የሚያጠራጥር ከሆነ አፍሉት። ማፍላት ካልተቻለ ሽቶ የሌለው፣ ከ5 እስከ 6 በመቶ የሆነ በረኪና ለአንድ ሊትር ጥርት ያለ ውሃ ሁለት ጠብታ አድርጉና 30 ደቂቃ ቆዩ።

አዲስ ገቢ | ዓርብ ቀን

ውይይቱን ሙሉ አነበብኩት። አንድ ጥያቄ፤ ሁለት ዓመት የሆነው ቀይ ቦሎቄ አለኝ። ሦስት ሰዓት ቀቅዬው አልበስል አለ። ተበላሽቶ ነው?

የመጋዘን ሰው | ዓርብ ማታ

አልተበላሸም፣ ደርቆ ጠንክሮ ነው። ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ የቆየ ጥራጥሬ እንዲህ ይሆናል። ሌሊቱን ዘፍዝፈው፣ ውሃው ላይ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ጨምር። ከዚያ ያንን ውሃ ድፋና በአዲስ ውሃ በፕሬዠር ኩከር ሞክረው። ቀይ ቦሎቄ መሆኑን ግን አትርሳ። ጥሬው ውስጥ ሆድ ክፉኛ የሚያሳምም መርዝ አለ። በደንብ እየተንተከተከ 30 ደቂቃ ያህል መፍላት አለበት። ለስ ባለ እሳት ብቻ ማቆየት መርዙን አያጠፋውም።

ባለበርሜሏ | ከሰባት ሳምንት በኋላ

ጠፍቼ ነበር። እንዴት እንደሆንኩ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ባለቤቴ ከአሮጌ እንጨት ርብራብ ሠራልኝ። ከመሬት አንድ ስንዝር፣ ከግድግዳ አንድ ክንድ። አሁን 12 ጠርሙስ ስንዴና ሩዝ አለኝ። ምስሩ በመስታወት ማሰሮ ነው። የጨው ሙከራውን ስሠራ ትልቋ ልጄ ሰዓት ይዛ አጠገቤ ቆመች። የመጀመሪያው ስንዴ ላይ ጨው ተጣበቀ! የገዛሁት እርጥብ ነበር። ሦስት ቀን አሰጣሁት። በአራተኛው ስንሞክር ጨው ከታች ወረደ፣ መስታወቱ ጥርት አለ። በርሜሉ ውስጥ የነበረውም እንዲህ እርጥብ ሆኖ ነው የገባው ማለት ነው፤ ያኔ ማን ነግሮኝ።

ቀን የሚጻፈው ወረቀት የልጆቹ ሥራ ሆኗል። በባለደብተሩ ሒሳብ ለ12 ቀን ደርሰናል። ለሁለት ሳምንት ሁለት ቀን ቀረን።

እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ትናንት አንዱን የስንዴ ጠርሙስ ስከፍት አንድ ነቀዝ ወጣ። ሞቷል። ጠርሙሱን መልሼ ላሽገው ወይስ ምን ላድርገው?

የጓዳ እናት | በዚያው ቀን

ልጄ፣ እልል! የሞተ ከሆነ መታሸጉ ሠርቷል። ጠርሙሱ አንዴ ከተከፈተ ግን አየር ገብቶበታል፤ መልሰሽ አታሽጊው። ዘርግፊው፣ አበጥሪው፣ የዚህን ሳምንት እንጀራችሁን ከእሱ አድርጊ። ባዶውን አጥበሽ ዘቅዝቂው።